የበርሜሉ ሥር ውሃ
ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የወል ወፍጮ ቤት በአንድ የነሐሴ ወር ሞተሩ ለቀናት ቆሞ ነበር። በቆሎና ጤፍ ተሸክመው የመጡ እናቶች ሸክማቸውን እንደያዙ ተመለሱ። መካኒኩ መጥቶ ሲፈታው ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የናፍጣው ሆኖ ተገኘ። ፊልትሮው በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል፤ የበርሜሉ ሥርም ውሃ አቁሯል።

ውሃውን ማንም አልጨመረውም። በርሜሉ ደጅ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ዝናብ አናቱ ላይ ተኝቷል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በክዳኑ ጥርስ በኩል ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይኮማተርና ከላይ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በጎደለ በርሜል ውስጥ ያለው እርጥብ አየርም በብርድ ሌሊት ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ከሥር ይቀራል። በሁለቱ መገናኛ ላይ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ይራባሉ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ የእነሱ ሥራ ነው። ውሃው በርሜሉን ያዝጋል፤ የሞተሩን ፖምፓና ኖዝልም ይጎዳል።

የአሰብ ማጣሪያ ሥራውን ካቆመ ወዲህ አገራችን የተጣራ ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ እንደምትገዛ ይታወቃል። ከጂቡቲ ተነስቶ በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ በኩል ፍኖተ ሰላም የሚደርስ ናፍጣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህን ያህል መንገድ የመጣ ነዳጅ በአያያዝ ጉድለት በደጃችን ሊበላሽ አይገባም።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ መሪዎች የሚከተሉትን ቢያስፈጽሙ ይጠቅማል።

200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ከጣራ ሥር በእንጨት ላይ ይጋደም። ሲጋደም ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ ትክክል ይዋሉ፤ ናፍጣው ከውስጥ ስለሚሸፍናቸው እርጥብ አየር አይገባም። ቆሞ የሚቀመጥ ከሆነ ውሃ ክዳኑ ላይ እንዳይተኛ በአንድ ወገን ዘንበል ይበል።

ትልቅ ታንከር ያለው ማኅበር ታንከሩን ወደ ማፍሰሻው በኩል በትንሹ ያዘንብለውና ከሥር የተጠራቀመውን ውሃ በየሳምንቱ በባልዲ ያውጣ። አዲስ ናፍጣ ከተገለበጠ በኋላ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይርጋ። እስከ አፉ አይሞላ፤ ሙቀት ሲያሰፋው እንዳይፈስ ከመቶ አምስት እጅ ባዶ ይተው። የመተንፈሻው ቱቦ እንዳይደፈን ይታይ፤ ብየዳውና እግሩ ዝገት ወይም ርጥበት ካሳዩ ሳይውል ሳያድር ይጠገን። በዙሪያው የሚሠራው ግድብ ታንከሩ ቢቀደድ ነዳጁን በሙሉ የሚይዝ ይሁን። ቦታውም ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ፣ ከእነሱም በታች ይሁን። ጥቂት ናፍጣ የብዙ ሰው የመጠጥ ውሃ ያበላሻል።

በየሳምንቱ ንጹሕ ዘንግ እስከ ሥር አስገብቶ መለካትና ከገቢና ወጪ መዝገብ ጋር ማመሳከር አይዘለል። መዝገቡ ከሚለው ከጎደለ ወይ ይፈሳል ወይ ይሰረቃል። ሳይገለበጥ ከጨመረ ደግሞ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ባዶ የመሰለ በርሜል በውስጡ የነዳጅ ተን ስላለ ሲበየድ ወይም በእሳት ሲቆረጥ ይፈነዳል። ለማጽዳት ብሎ ማንም ሰው ታንከር ውስጥ አይግባ፤ ተኑ ራስን አስቶ ይገድላል። ቢቃጠል ውሃ አይደፋበት፤ ውሃው እሳቱን ያሰፋዋልና አሸዋ በአጠገቡ ይዘጋጅ። የነዳጅ በርሜል ታጥቦም ቢሆን ለመጠጥ ውሃና ለጠላ አይዋል።

ከላይ የተጠቀሰው ወፍጮ ቤት ዛሬ በርሜሎቹን ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አጋድሟል። ለዚህ የወጣው ጥቂት እንጨትና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። መኸር ሳይደርስ፣ የመስኖውም ሞተር ሳይነሳ፣ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን በርሜል ሥር ዘንግ አስገብቶ ይመልከት።