እስኪደርቅ ድረስ

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ያንን ቀን ስታወራ ወገቧ ላይ የተወጋችውን መርፌ፣ ከላይ ያፈጠጠባትን መብራት፣ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ አትረሳም። መጋረጃው ከመወጠሩ በፊት ሆዷን የቀባው ሰው ግን ብዙም ትዝ አይላትም። ሰውነቷ ስለደነዘዘ የፈሳሹን ቅዝቃዜ እንኳ አልሰማችውም። አንዲት ነርስ በመቆንጠጫ የያዘችውን ጎዝ ቡናማው አዮዲን ውስጥ ነክራ ምላጩ ከሚያርፍበት መስመር ትጀምርና እያሰፋች ወደ ውጭ ትቀባለች፤ ወደ ላይ እስከ ጡት ሥር፣ ወደ ታች እስከ ጭን። ጠርዝ የነካ ጎዝ ወደ መሃል አይመለስም። ይጣልና ሌላ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ለምን? ቆዳ ምንም ቢታጠብ ከባክቴሪያ ነጻ አይሆንም። ሳሙና ከላይ ያለውን ያነሳል፤ በጸጉር ሥርና በላብ ቀዳዳ የተሸሸገው እዚያው ይቀራል። ቆዳው ደኅና እስከሆነ ድረስ አብሮን ቢኖር ጉዳት የለውም። ምላጭ ሲያልፍበት ግን ወደ ሥጋና ወደ ስብ ይዘልቃል። በወሊድ ኦፕራሲዮን ደግሞ ሌላም በር አለ። ምጡ ከረዘመና የእንሽርት ውሃው ቀድሞ ከፈሰሰ፣ ከብልት የተነሱ ባክቴሪያዎች ወደ ማሕፀን ይወጣሉ፤ ማሕፀኑ ሲከፈት ቁስሉን ያገኙታል። ቀን ተቆርጦላት ከምትገባው ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ አምጣ በአምቡላንስ የመጣችው ለኢንፌክሽን የበለጠ የምትጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከኦፕራሲዮኑ አስቀድሞ ብልት ውስጥ በአዮዲን እንዲጸዳ ይመክራል። አልኮል ያለበት ፈሳሽ ግን እዚያ አይነካም፤ ያቃጥላል።

ለቆዳው የትኛው ፈሳሽ ይሻላል በሚለው ላይ ሐኪሞች ብዙ ተከራክረዋል። አዮዲን ባክቴሪያን ፈጥኖ ይገድላል፤ ደም ሲነካው ግን ይደክማል። ክሎርሄክሲዲን ቆዳው ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠራል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በኦፕራሲዮን የወለዱ 1,147 እናቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ክሎርሄክሲዲን በአልኮል፣ ገሚሶቹ አዮዲን በአልኮል ተቀቡ። ውጤቱ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲታተም፣ ቁስላቸው ኢንፌክሽን የያዘው በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 4፣ በሁለተኛው ከመቶ 7.3 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ያስቀደመው ክሎርሄክሲዲን በአልኮልን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ጋናን፣ ሩዋንዳንና ሕንድን ጨምሮ በሰባት አገሮች የሆድ ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው 5,788 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ክሎርሄክሲዲን በአልኮልን ከተራው፣ አልኮል ከሌለው አዮዲን ጋር ቢያወዳድር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አጣ። እንግዲህ ክሎርሄክሲዲኑ ካለ እሰየው። የሌለው ሆስፒታል ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አልኮል ያለበት ፈሳሽ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እንዲደርቅ ይተዋል። አዮዲንም ሥራውን የሚሠራው ቆዳው ላይ ሲቆይ ነው። ለሚጣደፍ ሰው ሦስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ፎጣ አንስቶ መጥረግ ያምረዋል። የጠረገው ግን መድኃኒቱን ነው። በዚያ ላይ አልኮሉ ከእናቲቱ ጎንና ከጀርባዋ ሥር ተጠራቅሞ ከቀረ፣ ደም ለማቆም የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መተኮሻ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ከሆነና ሦስት ደቂቃ የሚጠብቅ ከሌለ፣ አልኮል የሌለው አዮዲን ይመረጣል። እዚህ ላይ ጥድፊያው ጥፋት አይደለም፤ ሕይወት ነው።

ፈሳሹ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የማደንዘዣው ባለሙያ አንቲባዮቲኩን ቆዳው ከመቀደዱ በፊት መስጠት አለበት። ድሮ መድኃኒቱ ለልጁ እንዳይደርስ በሚል እትብቱ እስኪያዝ ይቆይ ነበር፤ አሁን ቀድሞ መስጠቱ እናቲቱን እንደሚጠቅም ታውቋል። በኢትዮጵያ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም በአምስት ሆስፒታሎች የሞከረው ሥራም አዲስ መሣሪያ ያመጣ አልነበረም። እጅና ቆዳ በወጉ ይጽዳ፣ ጋውኑና ጨርቁ ቀዳዳ አይኑረው፣ ዕቃው ከጀርም ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ጎዝ ይቆጠር፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ይሰጥ፣ የደኅንነት ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ይኸው ነው። ኢንፌክሽኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ።

እናቲቱ ራሷ ከቤቷ ሳትወጣ ልታስቀረው የምትችለው ነገርም አለ፤ ምላጭ። «ሐኪም ፊት እንዲህ ሆኜ?» ብላ በዋዜማው ከሆዷ በታች ያለውን ጸጉር የምትላጭ ብዙ ናት። ምላጭ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ይተዋል፤ ባክቴሪያው እዚያ ይራባል። ጸጉሩ እንዳለ ቢሆን ምንም አይደለም። ካስቸገረ እዚያው ሆስፒታል በመቁረጫ ይከረከማል። በእርግዝና ክትትሉ ካርድ ላይ በትልቁ ቢጻፍ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ኢንፌክሽኑ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ፣ ገንፎው እየተገነፋ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ በሚገባበት ሰሞን ነው። የአራስ ሕመም ከድካም ይቆጠርና ይታለፋል። በስፌቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ እየቀላና እየጋለ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው። በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ቀስ ብሎ ታጥቦ፣ ሳይታሽ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ ተደርጎ የደረቀ ቁስል ላይ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ምንም አይቀባም።

«ትንሽ ለጋ ቅቤ ብናስነካትስ?» ይላሉ አማት፣ ከልባቸው አዝነው።

«ይተዉት እማማ፣ ቅቤውን ገንፎው ላይ ያድርጉላት» ትላለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ።