ሚንግሬሊያኖች፦ ጆርጂያዊ ለመሆን የእናት ቋንቋን መተው ግድ ነው?

ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ ክቪቻ ክቫራትስኬሊያን አታጡትም። በ2025 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ፒኤስጂ ኢንተርን 5 ለ 0 ሲረታ አንዷን ጎል ያገባው እሱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። "ጆርጂያዊው" እንለዋለን፤ ልክ ነን። ግን የቤተሰብ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው "ኢያ" አንድ ነገር ትጨምራለች፦ ስሙ የሚንግሬሊያን ስም ነው።

ሚንግሬሊያኖች የሚኖሩት በምዕራብ ጆርጂያ፣ ጥቁር ባሕርን በሚያዋስነው ሳሜግሬሎ ነው። ዋና ከተማው ዙግዲዲ ይባላል። ግሪኮች ስለ ወርቃማው የበግ ጸጉር በሚተርኩት አፈ ታሪክ የምትነሳው ኮልኪስ እዚሁ አካባቢ ነበረች። በኋላም ዳዲያኒ የተባሉ መሳፍንት ለዘመናት ገዝተውታል፤ ሩሲያ በ1867 መስፍንነቱን እስክታስቀር ድረስ።

ቋንቋቸው የጆርጂያኛ ዘዬ እንዳይመስላችሁ። ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ጆርጂያኛ ብቻ የሚችል ሰው ሚንግሬሊኛ ሲወራ አይገባውም። "ሰው" በጆርጂያኛ "ቃትሲ"፣ በሚንግሬሊኛ "ቆቺ" ነው። "ውሃ" ደግሞ "ጽቃሪ"። እነ "ጽ" እና "ቅ"ን የመሰሉ ድምፆች እዚያም ስላሉ እኛ ለማንበብ ብዙ አንቸገርም።

ታዲያ ስንት ናቸው? በ1926ቱ የሶቪየት ቆጠራ 243 ሺህ ገደማ ሰዎች "ሚንግሬሊያን" ተብለው ለብቻቸው ተቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ ግን "ጆርጂያዊ" በሚለው ውስጥ ተጠቃለሉ። በ1930ዎቹ በቋንቋው ይታተም የነበረው ጋዜጣም ቆመ። ዛሬ የተናጋሪው ቁጥር በመቶ ሺዎች ይገመታል፤ ዩኔስኮ ግን ቋንቋውን አደጋ ላይ ካሉት መድቦታል።

መቶ ሺዎች እያሉ እንዴት? ኢኮኖሚክስ ላይ "ኔትወርክ ኢፌክት" የሚባል ነገር አለ። ቴሌግራም የሚጠቅማችሁ ጓደኞቻችሁ ስላሉበት ነው፤ እነሱ ሲወጡ እናንተም ትወጣላችሁ። ቋንቋም እንደዚያው ነው። ትምህርቱ፣ ቅጥሩ፣ ቅዳሴው በጆርጂያኛ ከሆነ፣ ልጇን በጆርጂያኛ በምታሳድግ እናት ማን ይፈርዳል? ለእሷ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ሁሉም እናት እንደሷ ሲመርጥ ግን ቋንቋው የሴት አያቶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

"ለምን ትምህርት ቤት አይገባም?" ስትሉ ፖለቲካው ይመጣል። ጆርጂያ አብካዚያንና ደቡብ ኦሴቲያን መቆጣጠር ካቃታት ቆየ። ብዙዎች "ሚንግሬሊኛን ለብቻው ካወቅን ሩሲያ ለሌላ መከፋፈል ትጠቀምበታለች" ብለው ይሰጋሉ። መንግሥትም በ1999 የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ሲሆን የአናሳ ቋንቋዎችን ቻርተር አጸድቃለሁ ብሎ ቃል ገብቶ እስካሁን አላጸደቀም።

ስጋቱ ከባዶ አልተነሳም። ግን ደግሞ ይህን አስቡት፦ በ1992–93ቱ የአብካዚያ ጦርነት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች "ጆርጂያዊ ናችሁ" ተብለው ተፈናቀሉ። ብዙዎቹ ሚንግሬሊያኖች ነበሩ። ሚንግሬሊያኖች ራሳቸውም አብዛኞቹ "ጆርጂያዊ ነን" ነው የሚሉት፤ የሚጽፉት በጆርጂያኛ፣ የሚያስቀድሱት በጆርጂያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ነው። በጆርጂያዊነቱ ቤቱን ያጣ ሰው ልጁ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የአያቱን ቋንቋ ቢማር አገር ያፈርሳል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?