ሰውነት የያዘው ትዝታ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ቺኩንጉንያ መታት። ወረርሽኙ ከሐምሌ ጀምሮ መንደር ለመንደር ተዛምቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ቢበርድም የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱ ለብዙዎች ለሳምንታት፣ ለአንዳንዶች ለወራት አልለቅ ብሎ ነበር። ታሞ የዳነ የድሬ ሰው በሽታው ሰውነቱ ውስጥ ምን ትቶ እንደሄደ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ቫይረሱን የምታመጣው ኤዴስ የምትባል ትንኝ ናት። እግሮቿ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት፣ የምትናከሰውም ቀን ነው። ስትነክስ ቫይረሱን ከምራቋ ጋር ቆዳ ሥር ትተዋለች። የቫይረሱ ዘረመል ከእኛ የሚለይበት ምልክት ስላለው ሴሎቻችን ባዕድ መሆኑን ቶሎ ይለያሉ፤ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገርም ያመነጫሉ። በዙሪያው ያሉ ሴሎች ይህ ሲደርሳቸው ቫይረሱ እንዳይራባባቸው ይዘጋጃሉ። ትኩሳቱና ድካሙም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ከራሳችን መከላከያ ነው።

ይህ ፈጣን መከላከያ ባዕድ መሆኑን እንጂ የትኛው ባዕድ እንደሆነ አይለይም። ልየታው የሚሠራው በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ባሉት፣ ሲቆጡ ንፍፊት በምንላቸው ዕጢዎች ውስጥ ነው። ከቆዳ የተነሱ ሴሎች የቫይረሱን ቁራጭ ተሸክመው እዚያ ያደርሳሉ። በዕጢዎቹ ውስጥ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ የተለየ መቀበያ አለው። መቀበያዎቹ የዘረመል ቁርጥራጮች በዘፈቀደ እየተቀላቀሉ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ቺኩንጉንያን የሚያውቀው ሴል ቫይረሱ ድሬ ከመግባቱ በፊት በነዋሪው ሰውነት ውስጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔን አብልጦ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቁራጩ ከመቀበያው ጋር የገጠመለት ሴል ይባዛል። አንዳንዶቹ የተበከሉ ሴሎችን ይገድላሉ፣ ሌሎቹ ቫይረሱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ ላቦራቶሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱን ራሱን፣ ቆየት ሲል ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሲያበቃ አብዛኞቹ ሴሎች ይሞታሉ፤ ጥቂቶች ትዝታውን ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። ቺኩንጉንያ አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚችው ትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ የድሬዳዋ ሰዎችን ያሳመመው ይህ ቫይረስ አራት ዓይነት አለው። አንዱ የተወው ትዝታ ከዚያው ዓይነት ይጠብቃል፣ ከሌሎቹ ግን ዘላቂ ጥበቃ አይሰጥም። እንዲያውም የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን ዓይነት ቢይዘውም ሊያከሽፈው ካልቻለ፣ ቫይረሱ ይህንኑ ተጠቅሞ ወደ ሴሎች በቀላሉ ይገባል። ሁለተኛው ዴንጊ ከመጀመሪያው የከፋ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

እናም «ዴንጊ ይዞኝ ያውቃል፣ አይደግመኝም» የምትሉ አትዘናጉ። ትኩሳት ሲጀምራችሁ ሳትመረመሩ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ ዴንጊ ከሆነ የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። የውኃ በርሜላችሁንም ክደኑ፤ በየሳምንቱ ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡት። የኤዴስ እንቁላል ከበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውኃው ቢደርቅም ለወራት ይቆያል።