ውሃ ብቻ እየጠጡ መጾም፦ ተረትና እውነታ

የውሃ ጾም ከአንድ ቀን አንስቶ እስከ ሳምንታት ድረስ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። ስለ ጥቅሙ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ይነገራል፤ በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ ወሬውን የሚሰማው ለጾም እንግዳ ያልሆነ ሕዝብ ነው። በደቡብ ወሎ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ሁዳዴን፣ ሌላው ረመዳንን ይጾማል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ የገቡት በአምስት ቀን ልዩነት ነበር፣ የካቲት 17 እና የካቲት 22። «ስንጾም ነው ያደግነው፣ ምን እንሆናለን?» የሚለው መተማመን ከዚህ ይመነጫል፤ የመጀመሪያው ስሕተትም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የሃይማኖት ጾምና የውሃ ጾም በሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። የረመዳን ጿሚ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ያህል ይቆይና በቴምርና በሾርባ ያፈጥራል፤ ሌሊት ደግሞ ሱሁር አለለት። የሁዳዴ ጿሚም ከቅዳሴ መልስ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ የሱፍ ፍትፍቱን ይበላል፤ ጾሙ የከለከለው ሥጋን፣ ወተትንና እንቁላልን ነው እንጂ ምግብን አይደለም። የሁለቱም ጉበት በየዕለቱ ስንቁን መልሶ ይሞላል። ለውሃ ጾም የሚቀርበው አክፍሎት ነው፦ የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን የቀመሰ ሰው እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም ሳይል ይቆያል። እሱም ቢሆን ከሁለት ቀን ብዙ አያልፍም፤ የሚያከፍለውም የቻለ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጾሞች የተገኘ ጽናት ለአሥር ቀን የውሃ ጾም ማስረጃ አይሆንም።

ምግብ ሲቋረጥ ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው በጉበት የተከማቸውን ግላይኮጅን ነው። መጠኑ 100 ግራም ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን አካባቢ ያልቃል። አንጎል ግን በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር ይፈልጋል፤ ከስብ ደግሞ በቂ ስኳር ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ጡንቻውን ያፈርሳል። በቀን እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ይጠፋል፤ ይህም ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ጡንቻ ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጉበት ከስብ የሚሠራው ኬቶን ለአንጎል መድረስ ይጀምራል፤ የጡንቻው መፍረስም ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። «ስብ ብቻ ነው የሚቃጠለው» የሚለው አባባል እንግዲህ ትክክል አይደለም። ሚዛኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት የሚወርደውም ከስቡ ይልቅ በውሃው ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ኢንሱሊን ሲወርድም ኩላሊት ጨውንና ውሃን አብሮ ያስወጣል። እህል ከተቀመሰ በኋላ ያ ኪሎ በጥቂት ቀናት ይመለሳል።

ኬቶን መሠራት ሲጀምር አፍ ይሸታል፣ ረሃቡም ይለዝባል። «መርዙ እየወጣ ነው» የሚባለው ያኔ ነው። ሽታው ከኬቶኖች አንዱ የሆነው የአሴቶን ሽታ ነው። ደምን የሚያጸዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሰው በላም ጾመም ሥራቸውን አያቋርጡም። እንዲያውም በረጅም ጾም ኩላሊት ኬቶኑን ሲያስወግድ ዩሪክ አሲዱን ወደ ኋላ ስለሚያስቀር ሪህ ያለበት ሰው ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ኦቶፋጂ፣ ማለትም ሕዋስ ያረጀ አካሉን አፍርሶ መልሶ የሚጠቀምበት ሂደት፣ እውነተኛ ግኝት ነው። ምርምሩ ግን የተሠራው በእርሾ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ «አምስት ቀን የጾመ ከካንሰር ይድናል» ማለት ሕመምተኛን ከሕክምና ማስቀረት ነው።

ጨጓራም በጾም ይድናል የሚባል በሽታ ሆኗል። ለጨጓራ ቁስለት ዋነኛው መንስኤ ኤች. ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ጾም አይገድለውም፤ የሚጠፋው ሐኪም በሚያዝዘው የፀረ ባክቴሪያና የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ጥምረት ነው። የደም ግፊት ነገር ትንሽ ይለያል። በውሃ ጾም ግፊት በእርግጥ ይወርዳል፤ ክብደትም ይቀንሳል፣ ኢንሱሊንም ይወርዳል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ይሁንና ግፊቱ የሚወርደው በከፊል ጨው ከሰውነት ስለሚወጣ ነው፤ ክኒኑን እየዋጠ የሚጾም ሰው፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛውን ዓይነት የሚወስድ ከሆነ፣ ማለዳ ከመኝታው ብድግ ሲል ዓይኑ ጨልሞበት ሊወድቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ጾሞ እንደ ወትሮው ቢወጋ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፤ መርፌውን በራሱ ቢያቆም ደግሞ ደሙ በኬቶን አሲድ ይሞላል። ሁለቱም ይገድላሉ።

«ውሃ እስከጠጡ ድረስ ችግር የለም» የሚለውም አያስኬድም። ውሃ ጥምን ይቆርጣል እንጂ ጨውን፣ ፖታሲየምን፣ ቫይታሚንን አይተካም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናት፤ በሐረጎ መንገድ ወርዶ ቀኑን ሲሸከም ወይም ሲቆፍር የሚውል ሰው በላብ ተጨማሪ ጨው ያጣል። ያንን በውሃ ላይ ውሃ እየጠጣ ለመተካት ቢሞክር የደሙ ሶዲየም ይቀጥንና ራስ ምታት፣ መዘባረቅ፣ ሲከፋም የሚጥል ሕመም የሚመስል መንቀጥቀጥ ይመጣል።

በምስክርነት የሚጠቀሰው ስኮትላንዳዊው አንገስ ባርቢየሪ በ1965 እና 1966 እ.ኤ.አ. 382 ቀን ምግብ ሳይበላ ቆይቶ 125 ኪሎ ያህል ቀንሷል። ይሁንና ሲጀምር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ሐኪሞች ይከታተሉት፣ ቫይታሚንና ማዕድናትም ይሰጡት ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በሰሜን አየርላንድ እስር ቤት የረሃብ አድማ አድርገው የሞቱት አሥር ወጣቶች ግን ይህን ያህል ስብ አልነበራቸውም። ውሃና ጨው እየወሰዱ ከ46 እስከ 73 ቀን ቆይተው ሁሉም አልፈዋል።

ከሁሉም የከፋው ተረት «ከጾሙ ከወጡ በኋላ አደጋ የለም» የሚለው ነው። ከአምስት ቀን በላይ ምንም ሳይበላ የቆየ ሰው በድንገት እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ሲያገኝ ኢንሱሊኑ ይዘላል። ሕዋሳቱ ስኳሩን ለማቃጠል ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደም ውስጥ ይስባሉ፤ በጾሙ የተሟጠጠው ማዕድን በሰዓታት ውስጥ ከደሙ ይጠፋል። ቫይታሚን ቢ1ም በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሚያልቅ ልብና አንጎል ይጎዳሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ከምርኮ የወጡ የተራቡ ሰዎች ጠግበው ሲበሉ የሞቱት በዚህ ነው።

በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የረሃብን መልክ ያየ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዛሬም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ የተኛ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ነው። ሆን ተብሎ ፕሮቲኑና ኃይሉ ዝቅ ተደርጓል፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ፤ በየሦስት ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ፕላምፒናት የተባለው አልሚ ምግብ የሚከተለው ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ባለሙያ ለሕፃን ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ከአሥር ቀን የውሃ ጾም የወጣ ጎልማሳ በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ወጥ ላይ መቀመጥ የለበትም። ለአሥር ቀን ምንም ላልበላ ሰው የሚመከረው መነሻ በኪሎ ክብደት 10 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ካሎሪ መሆኑ ነው። ቫይታሚን ቢ1 ከምግቡ በፊት ይሰጣል፣ የደም ማዕድናትም በየቀኑ ይለካሉ። ይህ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናት፣ ከሲታ ሰው፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት የውሃ ጾም ጨርሶ ሊሞክር አይገባውም። የረመዳን ሕግ ሕመምተኛውን ያሳርፋል፤ የንስሐ አባትም ለታመመ ይፈቅዳሉ። ከረጅም ጾም በወጣ ሰው ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የእግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዛባት፣ የጡንቻ መዛል ወይም መዘባረቅ ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሊደርስ፣ ስንት ቀን ሳይበላ እንደቆየም ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል።