ዜና ወደ ስልክ ሲሻገር፦ ጋዜጣው ምን አጣ፣ የጢቾ ገበሬስ ምን አገኘ?

በአርሲ ደጋ፣ ስንዴና ገብስ በሚታረስበት ምድር የምትገኘው ጢቾ፣ ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ለቀድሞው የአርሲ ክፍለ ሀገር ሦስት አውራጃዎች መጠሪያ ከነበሩት ስሞች የአንዱ ባለቤት ናት። ስሟ የቆየ ቢሆንም ጋዜጣ ግን የዘወትር እንግዳዋ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ የታተመ ጋዜጣ አሰላን አልፎ እንዲህ ወዳሉ ከተሞች እስኪዘልቅ ቀናት ያልፋሉ፤ ቢደርስም የሚቀመጠው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ለገበሬው ዜና ማለት ሬዲዮ ነበር፤ ከሬዲዮ ቀጥሎም ከገበያ የሚመለስ ሰው ይዞት የሚመጣው ወሬ።

አሁን ከገበያ የሚመለሰው ሰው በኪሱ ስልክ ይዟል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የደንበኞቹ ቁጥር ከ78 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ እየሰጠ ነው። ይህ ሁሉ ደንበኛ ኢንተርኔት ይጠቀማል ማለት አይደለም፤ ኔትወርክም መብራትም የሚጠፋበት ቀን ጥቂት አይደለም። ሆኖም በአንድ ቤት አንድ ወጣት ስማርት ስልክ ከያዘ፣ ያየውን ለአባቱና ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ ማንበቡ አይቀርም። ስለዚህ እንደ ጢቾ ባሉ ቦታዎች የበይነ መረብ ዜና ጋዜጣን ተካ ማለት አይቻልም፤ ጋዜጣው ያልረገጠውን ስፍራ ነው የያዘው። ጋዜጣው የተጎዳው በሚታተምበት በአዲስ አበባ ነው። ጉዳቱ ዞሮ ጢቾን የሚነካበት መንገድ ግን አለ፤ እርሱን ለማየት ጋዜጣ በምን ገንዘብ እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይባዛ የነበረው «አእምሮ» ነው። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ተከተለ፤ «አዲስ ዘመን» ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚታተመው «በሪሳ» ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ተጀመረ። የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ለግል ኅትመት በር ከከፈተ በኋላ ጋዜጦች በዙ፤ ከምርጫ 97 ቀውስ ወዲህም ብዙዎቹ ከገበያ ጠፉ። ከቀሩት መካከል በአመለካከትም በባለቤትነትም የሚመሳሰሉ ጥቂት ናቸው። በአንድ ነገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንባቢ ለቅጂው የሚከፍለው ገንዘብ የወረቀቱንና የማተሚያውን ዋጋ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። የሚያኖራቸው ማስታወቂያ ነው።

ያም ማስታወቂያ በአብዛኛው የሳሙናና የለስላሳ መጠጥ አይደለም። ክፍት የሥራ ቦታ፣ ጨረታ፣ ሐራጅ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ ነው። በአራት ኪሎና በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች ሥራ ፈላጊዎች የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራዩ ሲያነቡ ማየት ለረጅም ዓመታት የተለመደ ነበር። ብዙዎቹ የፊት ገጹን ርዕስ ገረፍ አድርገው በቀጥታ ወደ «ሪፖርተር» የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ይሻገራሉ። አንዱን ቅጂ ብዙ ሰው ሲያነበው አሳታሚው የሚያገኘው የአንዱን ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን የተከራዩም ዓይን ለማስታወቂያ አስነጋሪው ዋጋ ነበረው፤ ማስታወቂያው የሚከፈለው ሰው ስለሚያየው ነውና።

መጀመሪያ የተናደው ይኸው ገበያ ነው። ሥራ ፈላጊ ዛሬ ማስታወቂያውን በድረ ገጽና በቴሌግራም ቻናል፣ በነጻ፣ በወጣበት ሰዓት ያገኘዋል። ጨረታው ዘግየት ብሎ ተከተለ። የመንግሥት የግዥ ሕግ ግልጽ ጨረታ በመላ አገሪቱ በሚሰራጭ ጋዜጣ እንዲወጣ ለዓመታት ያዝዝ ስለነበር፣ «አዲስ ዘመን»ን የመሰሉ ጋዜጦች ከዚህ የሚያገኙት ገቢ እንደ ደመወዝ የተቆረጠ ነበር። መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ከጀመረ ወዲህ ግን የጨረታ ጥሪውም፣ ሰነዱም፣ የዋጋ ማቅረቢያውም ወደ ኮምፒውተር እየተሻገሩ ነው። ለነጋዴው ድካም የሚቀንስ፣ የመመሳጠርን በር የሚያጠብ መልካም አሠራር ነው። ለጋዜጣ ቤቱ ግን የእንጀራ ገመድ መሳሳት ነው።

ወጪው በአንጻሩ ሽቅብ ይሄዳል። የጋዜጣ ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ዶላርን ተከትሎ ይወጣል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በብዙ እጅ ስለረከሰ ጫናው በርትቷል። አብዛኞቹ ጋዜጦች የሚታተሙት በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በብርሃንና ሰላም በመሆኑ፣ የማተሚያ ዋጋ ሲጨምር ወዴት ይኬዳል የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ገጽ ይቀነሳል፣ የቅጂ ቁጥር ያንሳል፣ የመሸጫ ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋው ሲጨምር የቀረው አንባቢም ወደ ስልኩ ያዘነብላል።

ወደ በይነ መረብ የተሻገሩት ሁሉ ግን በወጪ ተገፍተው አይደለም። በእንግሊዝኛ ይታተም የነበረው «አዲስ ስታንዳርድ» መጽሔት በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የወረቀት እትሙን አቁሞ በድረ ገጹ ብቻ ቀጠለ። ከእርሱ በፊት «አዲስ ነገር» ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ሲቋረጥ አዘጋጆቹ ከአገር ወጥተው ለተወሰነ ጊዜ በበይነ መረብ ጽፈዋል። ማተሚያ ቤት በር ሲዘጋ ድረ ገጽ መጠጊያ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ጋዜጣው አልዳነም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከ2,000 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ በኮሎራዶ ይታተም የነበረው «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ» 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። የብሪታንያው «ኢንዲፔንደንት» በ2016 ወረቀቱን ትቶ ድረ ገጽ ብቻ ሆነ። የማስታወቂያው ገንዘብ አልጠፋም፤ ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሄደ እንጂ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚህ ኩባንያዎች ለዜና አቅራቢዎች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ካናዳ በ2023 ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ከመክፈል ይልቅ በካናዳ ዜናን ከገጾቹ ማገድን መረጠ። ካናዳን በዚህ መልክ የመለሰ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋዜጦች ጋር ለድርድር ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

እስከዚህ የተባለው የኪሳራ ታሪክ ነው። ገበሬው ያገኘው ጥቅም ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በአርሲ ለዚህ ከስንዴ ዋግ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች በሰፊው መታ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ብዙ ገበሬ ይተማመንበት የነበረውን «ዲገሉ» የተሰኘ ዝርያ አወደመ። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ነው፤ ቢጫው በተለይ ቅዝቃዜና እርጥበት ያለበትን ደጋ ይወዳል። መድኃኒቱ የሚሠራው በሽታው እንደታየ፣ ማሳውን ሳያዳርስ ሲረጭ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ዛሬ ቢደርስና ከሳምንት በኋላ ቢደርስ ልዩነቱ የዓመት ቀለብ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣ ጋዜጣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ለዚህ አይደርስም።

የቀድሞው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ገበሬው በማንኛውም ተራ ስልክ በነጻ ደውሎ ስለ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ሌሎች ሰብሎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ይሰማል፤ በሽታ ሲነሣም በመስመሩ ማስጠንቀቂያ ይተላለፋል። አገልግሎቱ ጋዜጣ አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ከዜና የሚፈልገው ምን እንደሆነ ያሳያል፤ የራሱን ማሳ የሚመለከት፣ በራሱ ቋንቋ የተነገረ፣ ከጊዜው ያልዘገየ ወሬ። በቋንቋ ረገድ በይነ መረቡም ብዙ ለውጧል። ቢቢሲ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ አገልግሎቱን ሲከፍት የጀመረው በድረ ገጽና በፌስቡክ ነው። ለአርሲ አንባቢ በየቀኑ የሚታደስ ዜና በአፋን ኦሮሞ ማንበብ በጋዜጣ ዘመን የማይታሰብ ነበር።

ያው ስልክ ግን ሌላም ነገር ያመጣል። የማዳበሪያ ዋጋ ለወጠ፣ የስንዴ ዋጋ ሊወድቅ ነው፣ እገሌ ከተማ መንገድ ተዘጋ የሚል መልእክት ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቲክቶክ ሲዘዋወር በየመንገዱ ሁለት ነገር ይጥላል፤ ቀኑንና የላኪውን ስም። የዓምናው ማስታወቂያ ፎቶው ብቻ ተቆርጦ ሲላክ የዛሬ ይመስላል። ዋጋ ይወድቃል ብሎ የሰጋ ገበሬ እህሉን አውድማ ላይ እንዳለ ለደላላ ይሸጣል፤ ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን እህሉ ተጭኗል።

የጋዜጣ አንባቢ ይህን ያህል የተጋለጠ አልነበረም፤ ምክንያቱም ጋዜጣ የአሳታሚውን፣ የዋና አዘጋጁንና የማተሚያ ቤቱን ስም በገጹ ላይ ያሰፍራል። ሐሰት ቢጽፍ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ማስተባበያ ማውጣትም ግዴታው ነው። በስልክ የመጣ ወሬ ባለቤት የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚፈጸም ጥፋት ቅጣቱ ከፍ እንዲል አድርጓል። ሕጉ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያጠብባል የሚሉ ተቺዎች አሉት። ለገበሬው ግን ችግሩ ቀላል ነው፤ ፍርድ የሚመጣው እህሉ ከተሸጠ በኋላ ነው። እስከዚያው የተሻለው መከላከያ ወሬውን ይዞ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ መሄድ፣ በስም የሚታወቅ መገናኛ ብዙኃን ዘግቦት እንደሆነ መመልከት፣ የወጣበትን ቀንም መፈለግ ነው።

ስልክን ብቻ መታመን ሌላም አደጋ አለው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. አንሥቶም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ቆይተዋል። በእነዚያ ጊዜያት እንደ ጢቾ ባሉ ከተሞች ዜና ለመስማት የቀረው አሮጌው ሬዲዮ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ነገር በሚለዋወጥበት ሰዓት ዝም ያለ ስልክ ወሬን አያቆመውም፤ ወሬው ወደ አፍ ይመለሳል፣ ያኔ ደግሞ ቀንና ላኪ ጭራሽ የሉትም።

አሁን ጋዜጣው ያጣው ገንዘብ ጢቾን የሚነካበት ቦታ ላይ ተደረሰ። ዘጋቢን ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ ወደ ወረዳ መላክ መኪና፣ አበልና ቀናት ይጠይቃል። ይህን ወጪ ይሸፍን የነበረው የሥራና የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀረው የሩቁ ጉዞ ነው፤ ምክር ቤት ውስጥ የተባለውን በስልክ መዘገብ ይቻላል፣ በአንድ የደጋ ቀበሌ የተቋረጠ የውኃ መስመር ግን ካልሄዱበት አይታይም። በክልል መገናኛ ብዙኃን ዘንድ ሁኔታው ትንሽ ይለያል፤ ከመንግሥት በጀት ስለሚያገኙ በማስታወቂያ መጥፋት አይዘጉም። የአማራ ክልሉ «በኵር» ጋዜጣ ለምሳሌ በ1987 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬም ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ድረ ገጽ ባለው ተቋም ሥር ይታተማል። በጀቱን የሚሰጠውን አካል ምን ያህል ይጠይቃሉ የሚለው ግን የቆየ ክርክር ነው።

በወረዳ ደረጃ ክፍተቱን የያዙት የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ የፌስቡክ ገጽ ከፍተዋል፤ የስብሰባውን፣ የችግኝ ተከላውን፣ የምርት ዘመኑን ዕቅድ በየቀኑ ይለጥፋሉ። ገበሬው ስለ ወረዳው የሚያነበው አንድ ቋሚ ዜና ይህ በሆነበት ቦታ፣ ማዳበሪያው ለምን ዘገየ ተብሎ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤትና መልሱን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት የአንድ አስተዳደር ሁለት ክፍሎች ናቸው። ጥያቄው የሚነሣው ከልጥፉ ሥር በሚሰፍሩት አስተያየቶች ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።