በማሾ ለቀማ ወቅት የሚቀር ተማሪና የመምህሩ ዕቅድ

የትምህርት ቤት ደወል የሚደወልበት መስከረም በይፋት ቆላ ማሾ የሚደርስበትም ወቅት ነው። ማሾ ከተዘራ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚደርስ ሰብል ነው። ፍሬው ግን በአንድ ቀን አይደርቅም፤ በጊዜው ካልተለቀመም ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ማሽላውም እሸት ሲይዝ ወፍ ጠባቂ ይሻል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም እና በአጎራባች ወረዳዎች ይህን ሥራ ከሚጋሩት መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። በእነዚህ ሳምንታት በየክፍሉ ባዶ የሚታየው መቀመጫ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የወቅቱ መልክ ነው።

ጥያቄው ልጁ ሲመለስ ምን ያጋጥመዋል የሚለው ነው። መምህሩ መጽሐፉን እየተከተለ ወደፊት ሄዶ ከሆነ፣ ልጁ ያልሰማውን ትምህርት መነሻ አድርጎ ሌላ ትምህርት ይሰጠዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ከክፍሉ ውጭ ይሆናል። ይህ እንዳይደርስ ማድረግ ለመምህሩ ደግነት ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። የመምህርነት ሙያ ስታንዳርድና ሥነ ምግባር የሚጠይቀው ግዴታ ሲሆን፣ ግዴታው መፈጸሙ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ነው።

ስታንዳርዱ ምን ይጠይቃል?

ትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀው የመምህራን የሙያ ስታንዳርድ ሙያውን በሦስት ዘርፎች ይከፍለዋል፤ ሙያዊ ዕውቀት፣ ሙያዊ ትግበራ እና ሙያዊ ተሳትፎ። በእነዚህ ሥር ሰባት ነጥቦች ተዘርዝረዋል። መምህሩ ተማሪዎቹንና የሚማሩበትን መንገድ ማወቅ፣ የሚያስተምረውን ይዘትና የማስተማሪያ ዘዴውን ጠንቅቆ መያዝ፣ ውጤታማ ትምህርት ማቀድና መተግበር ይጠበቅበታል። ደጋፊና ደኅንነቱ የተጠበቀ የመማሪያ ሁኔታ መፍጠር፣ የተማሪዎችን ውጤት መመዘንና ግብረ መልስ መስጠት፣ ራሱን በሙያው ማሳደግ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ፣ ከወላጆችና ከኅብረተሰቡ ጋር በሙያዊ መንገድ መሥራትም ኃላፊነቱ ነው።

የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት አለው። ተማሪውን ማወቅ ከማቀድ በፊት ተቀምጧል። አርሶ አደር ማሳውን ሳያይ፣ የዝናቡን ሁኔታ ሳያጤን ዘር እንደማይበትን ሁሉ መምህርም በክፍሉ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ሳያውቅ ያዘጋጀው ዕቅድ መሬት አልያዘም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ሥነ ምግባሩም ቢሆን የአንድ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እና የዓለም የሥራ ድርጅት በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ ማስተማር ሙያ መሆኑንና የግልና የጋራ ኃላፊነትን እንደሚያስከትል ይገልጻል። በየዓመቱ መስከረም 25 ቀን የሚታሰበው የዓለም የመምህራን ቀን የዚያ ሰነድ መታሰቢያ ነው። ሰነዱ በአንድ በኩል የመምህሩን ኃላፊነት ሲያስቀምጥ በሌላ በኩል ኃላፊነቱን ለመወጣት የሚያስችል የሥራ ሁኔታ እንዲሟላለት ይጠይቃል። ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ዕቅዱ በተግባር

በትምህርት ቤቶች የተለመደው የዕለት ዕቅድ ቅጽ የትምህርቱን ርዕስ፣ ዓላማውን፣ የመምህሩንና የተማሪውን ተግባር፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያውን፣ ጊዜውንና የምዘናውን ዘዴ ይይዛል። ሂደቱም መግቢያ፣ አቀራረብ፣ ማጠቃለያና ግምገማ ተብሎ ይከፈላል። ቅጹን መሙላት ቀላል ነው፤ የአምናውን ገልብጦ ቀኑን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ቢፈርምበትም ዕቅዱ ለዚህ ዓመት ልጆች አልታቀደም።

ለምሳሌ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መቶኛን ሊያስተምር ነው እንበል። በዕቅዱ ላይ «ተማሪዎች መቶኛን ያውቃሉ» ብሎ ቢጽፍ ማወቃቸውን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። «ተማሪዎች የአንድን መጠን ክፍል በመቶኛ ገልጸው ሁለት መጠኖችን ያነጻጽራሉ» ቢል ግን በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሊታይ የሚችል ነገር ጻፈ ማለት ነው።

ምሳሌውን ከአካባቢው ሽንኩርት ይውሰድ። አንድ ገበሬ ካመረተው 20 ኩንታል ሽንኩርት 3 ኩንታሉ ተበላሸበት። ሌላው ካመረተው 40 ኩንታል 4 ኩንታል ተበላሸበት። የበለጠ የተጎዳው የትኛው ነው? ብዙ ልጆች አራት ከሦስት ይበልጣልና ሁለተኛው ነው ይላሉ። ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ከምርቱ 15 በመቶ ሲያጣ ሁለተኛው ያጣው 10 በመቶ ነው። የመቶኛ ትርጉም እዚህ ላይ ይገለጣል፤ የአርሶ አደሩም የነጋዴውም ልጅ ነገሩን ከቤቱ ያውቀዋልና።

ጊዜውም አስቀድሞ ይከፈላል። 5 ደቂቃ ያለፈውን ትምህርት ለማስታወስና ለመግቢያ፣ 15 ደቂቃ ለገለጻና ለምሳሌው፣ 12 ደቂቃ ለቡድን ሥራ፣ 8 ደቂቃ ለማጠቃለያና ለግምገማ ሊውል ይችላል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አጭር ጥያቄ በደብተሩ ቢሠራ መምህሩ ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው ያያል። የነገው ዕቅድ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ሥነ ምግባር በዕቅድ ውስጥ

ሥነ ምግባር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሰዓት ማክበርና አለባበስ ነው። በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ግን ከዚያ ጠለቅ ብሎ ይገኛል።

የመጀመሪያው እውነተኝነት ነው። ያልተሰጠ ትምህርት እንደተሰጠ፣ ያልተደረገ ምዘና እንደተደረገ አድርጎ መመዝገብ ተማሪውን ይጎዳል፤ ችግሩ እንዳይታይና እንዳይታረም ይሸፍነዋልና። ክፍለ ጊዜው በስብሰባ ወይም በሌላ ምክንያት ከታለፈ በዕቅዱ ማስታወሻ ላይ እንደዚያው ሊሰፍር ይገባል።

ሁለተኛው ፍትሐዊነት ነው። ይፋት አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። ዕቅድ የሚያወጣ መምህር ምሳሌዎቹ የአንዱን ወገን ስምና በዓል ብቻ እንዳይዙ ያስተውላል። ጾም በሆነበት ወቅት ከባድ የሰውነት ማጎልመሻ ልምምድ በቆላው የቀትር ሙቀት ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ከኋላ የሚቀመጡና እጅ የማያወጡ ልጃገረዶችም በቡድን ሥራው የመናገር ተራ እንዲደርሳቸው አስቀድሞ ይመድባል።

ሦስተኛው ክብር ነው። ከላይ ባለው የሒሳብ ምሳሌ የሁለት ስም ያልተጠቀሰ ገበሬ ምርት ቀርቧል። መምህሩ በዚያ ፈንታ «የአንተ አባት ስንት ኩንታል አገኙ?» ብሎ በክፍሉ ፊት ቢጠይቅ ስሌቱ ያው ሆኖ የአንድ ልጅ ድህነት መማሪያ ይሆናል። የአካባቢን ኑሮ ለትምህርት መጠቀምና የልጅን ጓዳ ማጋለጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አራተኛው አለመጉዳት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከማሾ ለቀማ የተመለሰን ልጅ መግረፍ ወይም ማዋረድ ከሕጉም ከሙያውም ይጋጫል። ያው አንቀጽ ወላጅንም ይመለከታል፤ ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃልና።

የቀረውን ልጅ ማሰብ

የመኸር ሥራና ትምህርት የሚጋጩት በቆላ መንደሮች ብቻ እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወደ ግንባር የሄዱ አርሶ አደሮችን ሰብል ለመሰብሰብ የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት እንዲዘጉ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተዋል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ደግሞ በግጭትና በጦርነት የተጎዱ ከተሞች ናቸው። የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዎችን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በ12ኛ ክፍል የሚታይ ክፍተት በዚያው ዓመት እንዳልተፈጠረ ግልጽ ነው።

ስለዚህ መቅረት እንደሚኖር እየታወቀ ማንም እንደማይቀር አድርጎ ማቀድ አይገባም። መምህሩ የወቅቱን ሥራ ቆጥሮ በዓመታዊ ዕቅዱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለክለሳ ሊያበዛ ይችላል። በየሳምንቱ ዕቅድ ላይ የቀሩ ተማሪዎችን ስምና ያመለጣቸውን ዋና ሐሳብ በአንድ መስመር መያዝ፣ ሲመለሱ ከጎበዝ ጓደኛቸው ጋር ማጣመር፣ በሳምንት አንድ የማካካሻ ክፍለ ጊዜ መመደብ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው።

ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት፣ መጽሐፍ ለሁሉም በማይደርስበት ክፍል ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብሩ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን ያሳድጋል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚህ ሰዓት ጥቂቱ የአንድ ክፍል መምህራን በጋራ ዕቅድ ለማዘጋጀት ቢውል የእያንዳንዱ ሸክም ይቀላል፤ ጀማሪ መምህርም ከነባሩ ይማራል። ሱፐርቫይዘርም የዕቅዱን መኖር ብቻ ከሚፈትሽ ይልቅ ዕቅዱ በክፍል ውስጥ ምን እንዳስገኘ ቢያይ መምህሩን ያግዘዋል።

ወላጅ ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅም የትምህርት ዕቅድን መከታተል ይችላል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሦስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። ልጄ በዚህ ወር ምን መሥራት እንዲችል ታቅዷል? መቻሉ በምን ይታወቃል? በቀረባቸው ቀናት ያመለጠው እንዴት ይካካሳል? ዕቅዱን በአግባቡ የሠራ መምህር ለሦስቱም መልስ አለው፤ በጥያቄውም አይቀየምም።

በአንጻሩ መምህሩም ወላጁን የሚጠይቀው ነገር አለ። ለቀማው የሚጀምርበትን ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ልጆችን በሙሉ ቀን ፈንታ ከትምህርት በኋላ ማሰማራት፣ ልጅ መቅረቱ ግድ ከሆነም በየትኛው ቀን እንደሚመለስ መናገር ለዕቅዱ ትልቅ እገዛ ነው። ማሾው መቼ እንደሚለቀም አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ዕውቀት ለትምህርት ቤቱ በነሐሴ ቢያካፍለው መምህሩ የመስከረምን ዕቅድ በእርሱ ላይ ማቆም ይችላል።