ግምጃ ቤቱን በኪሱ የያዘ ሰው

በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ምድር፣ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አለች፤ አገው ግምጃ ቤት እየተባለችም ትጠራለች። ግምጃ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የመንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሀብት፣ ወርቁም ልብሱም መጽሐፉም፣ በቁልፍ የሚጠበቅበት ቤት ነው። ዛሬ ይህን ስም ያነሣነው ግን የከተማይቱን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቼኮች ዋና ከተማ ከፕራግ ወጥቶ ለገበያ የቀረበ፣ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማይበልጥ አንድ ዕቃ አለ። ሠሪዎቹ ትሬዞር ብለው ሰይመውታል፤ ቃሉም በቋንቋቸው ካዝና ማለት ነው። እንግዲህ ዕቃውን አማርኛ ስም አውጡለት ብንባል፣ ስሙ ከአንከሻ ጓጉሳ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። በእንግሊዝኛው ሃርድዌር ዋሌት የሚባለው የክሪፕቶ ገንዘብ መጠበቂያ ይኸው ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእሑድ ገጻችን ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን እንደ እኛው በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ቢትኮይንን ሳያነሡ አይነሡም። ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና ያለ ባንኩ ፈቃድ በእንዲህ ያለ ገንዘብ መክፈል ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩትን እንዲመዘገቡ ጠርቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ፣ አብዛኞቹ የቻይና ለሆኑ ኩባንያዎች መብራት ለመሸጥ መዋዋሉ ተሰምቷል። ስለዚህ ግዙ ለማለት አልተነሣንም፤ የዛሬ ዋጋው ነገ በግማሽ ሊወርድ የሚችል ነገር ነውና። የምንጽፈው ጥቂትም ቢሆን በእጁ ላለ ሰው፣ ያለውን በገዛ እጁ እንዳያጠፋው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ገንዘቡ ዕቃው ውስጥ የለም። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ከጥር 2009 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ በተዘረጋ አንድ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሒሳብ ነው። ዕቃው የሚጠብቀው ያን ሒሳብ ማንቀሳቀሻ የሆነውን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። በመሥሪያ ቤት ማኅተም ያዥ የሆነውን ሰው ያስቧል። ደብዳቤው ወደ እርሱ ክፍል ገብቶ፣ ታትሞበት ይወጣል፤ ማኅተሙ ግን ከክፍሉ አይወጣም። ይህም ዕቃ እንደዚሁ ነው። ኮምፒዩተሩ «ይህን ያህል ለእገሌ ይከፈል» የሚለውን ወረቀት ያቀርባል፤ ዕቃው በውስጡ ፈርሞ ይመልሳል፤ ቁልፉ ግን ኢንተርኔትን ሳያይ ይኖራል። ገንዘቡን በሌላ ሰው ካዝና ከማኖር የሚለየውም በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ታላቅ የክሪፕቶ መገበያያ ሲወድቅ፣ ደንበኞቹ ሒሳባቸውን በስልካቸው ያዩት ነበር፤ ማውጣት ግን አልቻሉም።

ከግዢው እንጀምር። ዕቃው ወደ አገራችን የሚመጣው ብዙ ጊዜ በመንገደኛ ሻንጣ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍም ማን እንደ ነካው አይታወቅም። የሚሻለው ዘመድ ከሠሪው ድርጅት በቀጥታ ገዝቶ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ምስጢራዊ ቃላቱ አስቀድመው ተጽፈው ከተገኙ፣ ያ ስጦታ ሳይሆን ወጥመድ ነው፤ ቃላቱን የጻፈው ሰው ገንዘቡ እስኪገባ ይጠብቃል። ማሠሪያ ፕሮግራሙም ከሠሪው ከራሱ አድራሻ መወረድ አለበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በማይክሮሶፍት መደብር ውስጥ የሌጀርን ስም የለበሰ ሐሰተኛ ፕሮግራም ገብቶ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። ሌጀር የፈረንሳይ ድርጅት ነው፤ ከትሬዞር ጋር በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው።

ዕቃው ሲከፈት መጀመሪያ የፒን ቁጥር ያስመርጣል። በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም፤ የልደት ዓመት አይሁን። ሌባ ቢገምት በሌጀር ሦስት ጊዜ ሲሳሳት ዕቃው ራሱን ያጠፋል፤ ባለቤቱ ግን በዚህ አይደነግጥም፤ ምክንያቱን አሁን እንናገራለን።

ዋናው ነገር ቃላቱ ናቸው። ዕቃው በራሱ መስኮት 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት እያከታተለ ያሳያል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተዘጋጀ፣ በአባንደን ጀምሮ በዙ ከሚያልቅ የ2048 ቃላት ዝርዝር የወጡ ናቸው። ገንዘቡን የሚከፍተው እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ዕቃው ወንዝ ቢገባ ወይም ራሱን ቢያጠፋ፣ ሌላ ተገዝቶ ቃላቱ በተራቸው ሲገቡበት ሁሉ ይመለሳል። እንዲሁም ቃላቱን ያየ ሰው ዕቃውን ሳይነካ ሁሉን ይወስዳል። ዝርዝሩ በጃፓንኛም በቼክኛም ይገኛል፤ በአማርኛም በአውኚም ግን የለም። ስለዚህ ለኛ ሰው አንድ የተለየ አደጋ አለ፤ የሰማውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ይጽፍና ከዓመት በኋላ የትኛው እንደ ነበረ ይጠፋዋል። በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱን ሆሄ እያዩ፣ ተራ ቁጥር እየሰጡ መጻፍ ነው። የማንኛውም ቃል የመጀመሪያዎቹ አራት ሆሄያት ከሌላው ይለዩታልና፣ ቢያንስ እነርሱ ጎልተው ይነበቡ።

ፎቶግራፍ አይነሣ። ስልክ ያነሣውን ሥዕል ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ኢንተርኔት ይሰቅላል። በቴሌግራም ለራስ መላክም ያው ነው። ወረቀት ይበጃል፤ ወረቀትም በአዊ ክረምት ከጣሪያ ፍሳሽ፣ በበጋ ከምስጥና ከአይጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ከጭስ መጠበቅ አለበት። ቁም ነገር ያለበትን ወረቀት ዳዊት ውስጥ ማስገባት የቆየ ልማድ ነው፤ ዳዊት ግን በውሰት ይወጣል። አቅም ያለው በብረት ሰሌዳ ላይ በመዶሻና በምስማር ነቅሶ ይይዘዋል፤ ይህንንም በገዛ እጁ እንጂ በቀራጭ እጅ አያድርገው። ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ማኖር መልካም ነው። ግማሹን ቃል እዚህ ግማሹን እዚያ ማድረግ ብልኅነት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ የጠፋ ዕለት ሌላው ዋጋ የለውም። ስቴፋን ቶማስ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሞያ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኒውዮርክ ታይምስ እንደ ጻፈው፣ የ7002 ቢትኮይን ቁልፍ ያለበትን ዕቃ በእጁ ይዟል፤ መክፈቻውን የጻፈበት ወረቀት ግን ጠፍቷል። ከተፈቀዱለት አሥር ሙከራዎች ስምንቱን ጨርሶ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። ብዙ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ብቻ ይላክበትና፣ ዕቃው ሆን ተብሎ ይደምሰስ። ከዚያ ወረቀቱን ብቻ ይዞ እንደገና ማቋቋም ነው። ጥቂቱ ገንዘብ ተመልሶ ከታየ ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ካልታየም ስሕተቱ በርካሽ ተገኘ።

ሲላክ ደግሞ ዓይን በኮምፒዩተሩ ላይ ሳይሆን በትንሹ መስኮት ላይ ይሁን። የተቀባዩን አድራሻ በስውር የሚለውጡ ክፉ ፕሮግራሞች አሉ። የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ባይቢት ከተባለው መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተዘረፈው በዚህ መሰል መንገድ ነው። ፈራሚዎቹ ዕቃው ነበራቸው፤ ቁልፋቸውም አልተሰረቀም። በኮምፒዩተሩ ላይ ያዩት ወረቀትና የፈረሙበት ወረቀት ግን አንድ አልነበረም። የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ድርጊቱ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ነው ብሏል። እኛም ይህን ካነበብን ወዲህ፣ ሳያነብ የሚፈርም ማኅተም ያዥ ከሌባ እንደማይሻል እናምናለን።

ቃላቱን ደግሞ ማንም በእውነት አይጠይቅም፤ ሠሪውም፣ ባንክም፣ ፖሊስም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌጀር 272 ሺህ ያህል የደንበኞቹ ስምና አድራሻ ተሰርቆበት፣ በሚከተለው ዓመት ለአንዳንዶቹ የተመረዘ አዲስ ዕቃ «የቀድሞውን ለውጡ» ከሚል ደብዳቤ ጋር በፖስታ ቤታቸው ድረስ ደርሷቸዋል።

የቀረው የወራሽ ነገር ነው። ሰው ሲሞት በባንክ ያለውን ገንዘብ ወራሹ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ይቀበላል። እዚህ ግን የሚቀርቡበት መስኮት የለም፤ ወረቀቱን የቆሻሻ ብጣሽ መስሏት እናት እሳት ብትለኩስበት አቤት የሚባልበት አይገኝም። በገጠር የቁጠባ ማኅበራት ሣጥኑን በሦስት ቁልፍ ቆልፈው ቁልፎቹን ለሦስት አባሎች እንደሚያድሉ፣ በዚህም ገንዘብ ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ሲገናኙ የሚከፈት አደራረግ አለ። አንዱ በባለቤቱ ዘንድ፣ አንዱ ግምጃ ቤት ካለው ወንድም፣ አንዱ እንጅባራ ካለችው እኅት ጋር ቢቀመጥ፣ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይበቃሉ፤ አንዱ ቢሰረቅም ብቻውን አይከፍትም። ለጥቂት ገንዘብ ይህ ሁሉ ድካም ይበዛበታል፤ ለዚያስ በኑዛዜ መጻፍ ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛልና፣ በኑዛዜው የሚጻፈው ወረቀቱ የተቀመጠበት ስፍራ እንጂ ቃላቱ አይደሉም።